አፄ ምኒልክና የአዲስ ዓለም ወጪ

ከአዲስ አበባ በአስኮ በኩል ወጥቶ ወደ ቡራዩ የሚሄደውን መንገድ የማያውቅ ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጥቂት ነው። በማለዳ ወደ ከተማ፥ በማታ ወደ ቡራዩ የሚመላለሰው ሕዝብ ብዙ ነው፤ በተለይም የቤት ኪራይ ከመካከል ይልቅ በዳር ይቀላል ብለው ወደዚያ የሄዱ ወጣቶች መንገዱን እንደ ቤታቸው ደጃፍ ያውቁታል። ቡራዩ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃላለች። መንገዱ ግን እሷን አልፎ፥ የገፈርሳን የውሃ ማጠራቀሚያ በጎን ትቶ፥ በሆለታ በኩል አዲስ ዓለም ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ አምቦና ወደ ወለጋ ይዘልቃል። ነገር ግን በመጀመሪያ ሲጠረግ አምቦንና ወለጋን ያሰበ ሰው አልነበረም። መንገዱ የተወለደው ከአንድ ትልቅ ወጪ ነው፤ ወጪውም ከተደረገ በኋላ የማያስፈልግ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው ያንን ወጪ ያደረጉትን የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ሕይወት ነው። ስለ ዐድዋ ድል ብዙ ስለ ተጻፈ እኛ የምንመለከተው ከሕይወታቸው አንዱን ወገን ብቻ ነው፤ ይኸውም ገንዘብ እንዴት ያወጡ እንደ ነበር፥ የትኛው ግዢ እንዳልበጃቸው፥ ከዚያም በኋላ ምን እንዳደረጉ ነው። ንጉሥ የሚያወጣው ከግምጃ ቤት ነው፤ ወጣት ሠራተኛ የሚያወጣው ከወር ደመወዙ ነው፤ ጸጸቱ ግን በሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ነው። በእኛም ቤት፥ ሳንሸሽግ እንናገርና፥ ከተገዛ ጀምሮ ከተቀመጠበት ሁለት ጊዜ ብቻ የተነሣ ዕቃ አለ።

አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ነበሩ። እሳቸውም በ1848 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ፥ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙና ሕፃኑን ልዑል ወደ መቅደላ ይዘው ሄዱ። ምኒልክ በዚያ አምባ ላይ በግዞትም በእንክብካቤም አደጉ። አፄ ቴዎድሮስ መድፍንና ጠበንጃን እንዴት እንደሚመኙ፥ የውጭ አገር ሰዎችንም እንዴት አድርገው እንደሚያሠሩ በልጅነት ዓይናቸው አዩ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ዙፋኑን ሲይዙ በእጃቸው የነበረው ሰው እንጂ መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ የዘመናቸው ግማሽ በመግዛትና በመገበያየት አለፈ ለማለት ይቻላል።

ከውጭ የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ ሐቀኛ አልነበረም። በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት ጠበንጃ በርካሽ ተሰብስቦ፥ በግመል በረሓ ተሻግሮ፥ ሸዋ ሲደርስ እንደ አዲስ ይሸጥ ነበር። ንጉሡም ይህን ዕቃ በማገላበጥ ተማሩ። በ1871 ዓ.ም. የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በመጣ ጊዜ በመጀመሪያ ጫማ፥ ቀጥሎም ጠበንጃ እንዲሠራ እንዳዘዙት ይነገራል። ሰውየው የመሐንዲስነት ትምህርት የተማረ ስለ ነበረ ነገሩ ሳያስደንቀው አልቀረም፤ እኛ ግን ትእዛዙ እንደ ፈተና ይታየናል። አንድን ሰው በትልቅ ደመወዝ ከመያዝ አስቀድሞ በጫማ መመዘን የሚያስከፍለው ጥቂት ቆዳ ብቻ ነውና። ኢልግ ፈተናውን አልፎ ለብዙ ዘመን አማካሪያቸው ሆነ፤ በ1886 ዓ.ም. ገደማም ከእንጦጦ ተራራ በቧንቧ ውሃ ወደ ቤተ መንግሥቱ ያመጣው እሱ ነው።

የገበያ ችሎታቸው ጎልቶ የታየው ግን በ1879 ዓ.ም. ነው። አርቱር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ፥ በወጣትነቱ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው በግጥም ስሙን ያስጠራ፥ በኋላ ግን ግጥምን ትቶ ነጋዴ የሆነው ሰው፥ ሁለት ሺህ ያህል ጠበንጃ ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ወጣ። በታጁራ ጠረፍ ብዙ ወራት ተቀምጦ፥ ሽርካው ላባቱ ሞቶበት፥ የግመል ኪራይ በልቶት ነበር የደረሰው። ጠበንጃዎቹ በካፕሱል የሚተኮሱ የጥንት ዓይነቶች ነበሩ። ንጉሡ በዚያው ሰሞን ሐረርን ይዘው መመለሳቸው ስለ ነበር ለጠበንጃ የሚያስቸኩላቸው ነገር አልነበረም። ዕቃውን አንድ በአንድ አልገዙም፤ ሁሉንም ባንድነት በርካሽ ዋጋ ወሰዱት። የሞተው ሽርካው ዕዳ አለበት ተብሎ ከዋጋው ላይ ተቀነሰ። የቀረውም በእጁ አልተቈጠረለትም፤ ሐረር ሄዶ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ተጻፈለት። ራምቦ ከዚህ ንግድ ያተረፈው ድካም ብቻ መሆኑን ለወዳጆቹና ለመንግሥቱ ቆንስል በጻፈው ደብዳቤ ሁሉ ሲያማርር ይገኛል። በዚያ ገበያ የተጸጸተው ሻጩ ነበረ።

እንዲህ ያሉ ገዢ በሚቀጥሉት ዓመታት ከገቡበት ችግር ምክንያቱ የዕቃው ዋጋ አልነበረም፤ የተገዛበት ገንዘብ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ የውጫሌ ውል ተፈረመ። ደጃዝማች መኰንንም ወደ ኢጣልያ ተልከው በ1882 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተጨማሪ ስምምነት አደረጉ። በዚህም የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተገኘ። ግማሹ ለመሣሪያ መግዣ በዚያው በኢጣልያ ተቀመጠ፤ ለዕዳውም መያዣ የሐረር ጉምሩክ ገቢ ተሰጠ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲቀቡ፥ በግምጃ ቤታቸው አዲስ ጠበንጃ፥ በመዝገባቸውም አዲስ ዕዳ ነበረ።

አበዳሪ ከገንዘቡ በቀር ሌላ አሳብ ሊኖረው እንደሚችል የታወቀው ወዲያው ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለመላላክ ይችላሉ ሲል፥ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ኢጣልያም ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። እንግዲህ ለሐረር ጉምሩክ መያዣ የሰጠ ሰው ዕዳውን ካልከፈለ፥ ይህ አንቀጽ በወረቀት ላይ ብቻ ተኝቶ እንደማይቀር ግልጽ ነው።

ጊዜውም የከፋ ነበር። ከብት በበሽታ አልቆ፥ በሬ ጠፍቶ፥ ሕዝብ በረኃብ ያለቀበት ክፉ ቀን የሚባለው ዘመን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው፥ መኳንንቱም በሬ የለም ብለው እንዳይቀመጡ ምሳሌ መሆናቸው የታወቀ ነው። በዚህ ዘመን ዕዳ መክፈል ከባድ ቢሆንም፥ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለኢጣልያ ካስታወቁ በኋላ ብድሩን ከነወለዱ መለሱ። ገንዘቡ የተገኘው ከወርቅ፥ ከዝሆን ጥርስና ከቡና ግብር ነው፤ ሸክሙንም የተሸከመው፥ ከሁሉ ይልቅ በደቡብ፥ ገበሬው መሆኑን ሳንናገር ብናልፍ ሒሳቡን ማጉደል ይሆናል። ቢሆንም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ላይ የተሰለፈው ንጉሥ የኢጣልያ ባለዕዳ አልነበረም። በኢጣልያ ገንዘብ ከተገዙት ጠበንጃዎች አንዳንዶቹ በዚያ ቀን በኢጣልያ ላይ ሳይተኮሱ አይቀሩም።

አሁን ወደ ቡራዩ መንገድ እንመለስ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር የሸዋ ነገሥታት ልማድ የታወቀ ነበር። ከተማ ማለት ንጉሡ ያለበት ሰፈር ነው፤ በአካባቢው ያለው እንጨት ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። ምኒልክም ራሳቸው አንኮበርን፥ ልቼን፥ እንጦጦን እየለቀቁ ነበር የመጡት። ከዐድዋ ድል በኋላ ግን የአዲስ አበባ ሕዝብ በረከተ፤ የየመንግሥታቱ መልእክተኞችም መጡ፤ የማገዶውና የቤት መሥሪያው እንጨት ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄደ። ዛፉ ሲያልቅ እንጨቱ ከመናገሻና ከዚያ ወዲያ ካለው አገር በሰው ሸክምና በከብት ጀርባ መምጣት ጀመረ። የዛሬ ወጣት የማገዶን ነገር እንደ ቀላል ነገር ሊመለከተው ይችላል። በዚያ ዘመን ግን ማገዶ ማለት የዛሬው መብራት፥ ነዳጅና ሲሚንቶ በአንድነት ማለት ነው። እንጀራውም፥ ጠላውም፥ ቤቱም በእሱ ነው።

ስለዚህ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ዛፍ በብዛት በሚገኝበት አገር፥ በኮረብታ ላይ አዲስ ከተማ ለመሥራት ቈረጡ። ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። የውጭ አገር ባለሙያዎችና ያገር ሠራተኞች ተሰበሰቡ፤ ቤተ መንግሥቱ ተጀመረ፤ የግብር አዳራሹም ቆመ። ወደዚያም የሚያደርስ መንገድ በአውሮፓ ሥርዓት፥ በመሐንዲስ ተለክቶ፥ ድንጋይ እየተነጠፈ ይሠራ ጀመር። ከእግር መንገድና ከበቅሎ መንገድ በቀር ሌላ በማይታወቅበት አገር ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። ዛሬ በአውቶቡስ መስኮት ቡራዩን እያየን የምናልፍበት መስመር በሰፊው ያን ጊዜ የተያዘው ነው።

በዚያው ዘመን የመጣ አንድ ሌላ ግዢም እናንሣ። ለንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያ ያቀርብ የነበረው አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዝያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ መኪና ከባሕር ማዶ አስመጣ። የምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ መኪናው ከቆላው እስከ ደጋው የወጣው በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው፤ ስሙም በአዲስ አበባ ሰፈር ሆኖ ቀረ። እንደዚህ ያለ መኪና ራሱን መንዳት የሚችል ሆኖ ሳለ በሰው መጎተቱ ያሥቃል፤ ነገር ግን ስንቱ ነው ዕቃውን ገዝቶ የማጓጓዣውን፥ የማገዶውንና የጠጋኙን ዋጋ ያልቈጠረ? የመጀመሪያ ደመወዙን አጠራቅሞ የገዛውን ዕቃ የሚያሠራበት ገንዘብ አጥቶ በጨርቅ ሸፍኖ ያስቀመጠ ወጣት በሰርኪስ ባቡር ላይ ለመሣቅ ባይቸኩል ይሻለዋል።

የአዲስ ዓለም ሥራ እየተፋጠነ ሳለ በአዲስ አበባ አንድ ነገር ያድግ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፥ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ባሕር ዛፍ የተባለውን የአውስትራልያ ዛፍ ወደ አገራችን አምጥቶ ነበር። በመጀመሪያ ዘሩ ችግኝ፥ ችግኙም የአትክልት ጌጥ ነበር። አዲስ ዓለም ሲጀመር ያ ዛፍ በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ነገር ግን ገና ጥቂትና ቀጭን ስለ ነበር የከተማ ችግር መድኃኒት ነው ብሎ ያሰበው አልነበረም ለማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ዛፉ በአምስትና በስድስት ዓመት ለቤት መሥሪያ እንደሚደርስ፥ ሲቈርጡትም ከጉቶው መልሶ እንደሚያቈጠቍጥ ሁሉ ሰው አየ። ጽድ ለመድረስ የሰው ዕድሜ ይጠይቃል፤ ይህ ግን ልጅ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት እስኪደግም ይደርሳል።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ይመስለናል። ንጉሠ ነገሥቱ 55 ኪሎ ሜትር ርቀው ሊገዙት የሄዱት መድኃኒት በደጃቸው ተተክሎ ነበር። ሦስት አራት ዓመት ቢጠብቁ ኖሮ ቤተ መንግሥቱ ባልተጀመረም። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ መፍትሔውም ሞኝነት አልነበረም፤ የአባቶቻቸው ልማድም ይደግፈው ነበር። የጐደለው ትዕግሥት ብቻ ነው። በራምቦ ፊት ሳይቸኩሉ ተቀምጠው ዋጋ ያስወረዱት ሰው በማገዶ ጉዳይ ቸኰሉ፤ ምክንያቱም ጠበንጃው ሳይኖር ሊታደር ይቻላል፥ ማገዶው ግን በየቀኑ ይጠየቃል። ብዙዎቻችን የምንጸጸትበት ግዢ በየቀኑ ከሚነዘንዘን ችግር ለመገላገል በአንድ ቀን የቈረጥነው ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? አዳራሹ ቆሟል፤ ድንጋዩ ተጠርቧል፤ ሕዝብ ደክሟል፤ የከተማው ስም እንኳ ወጥቷል። በአዲስ አበባ ደግሞ የውጭ መልእክተኞችና ነጋዴዎች በድንጋይ ቤት መሥራት ጀምረው ስለ ነበር መነሣቱን አልወደዱም። መኳንንቱም ቦታ ይዘው ግቢ አጥረዋል። በዚህ ላይ ንጉሥ ያዘዘውን መልሶ ተውኩት ማለት እንደ ውርደት ይቈጠራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ይህን ያህል አውጥቼ እንዴት እተወዋለሁ ይልና በወጣው ላይ ሌላ ይጨምራል። በመሥሪያ ቤትም ይህ አይታጣም፤ የማይጠቅም መሆኑ የታወቀ ሥራ በጀት ስለ ተያዘለት ብቻ እስከ መጨረሻው ይሠራል።

አፄ ምኒልክ አላደረጉትም። ከተማውን ማዛወሩን ተዉት፤ ዋና ከተማቸው አዲስ አበባ ሆና እንድትቀር ወሰኑ። የተሠራውን ግን አላፈረሱትም፤ ባዶውንም ዘበኛ አቁመው አላስጠበቁትም። አዳራሹ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን አዘዙ፤ እሱም የአዲስ ዓለም ደብረ ጽዮን ማርያም ነው። በየጊዜው የሰጡት ንዋየ ቅድሳትና ልዩ ልዩ ዕቃ ዛሬ በደብሩ ቤተ መዘክር ይታያል። መንገዱም ሥራው አልቆመም። ቤተ መንግሥት ሊያደርስ የታሰበው መንገድ ከምዕራብ እንጨትና እህል ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣ ሆነ። የባሕር ዛፉን ተከላ ግን እጅግ አጥብቀው ያዙት፤ ችግኙ በትንሽ ዋጋ እየተሰጠ፥ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነፃ እየሆነ፥ ሕዝቡ በየግቢው ተከለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአዲስ አበባን ሰፈሮች ከሩቅ የተመለከተ እንግዳ ከተማ ሳይሆን ደን ይመስለው ነበር።

ባሕር ዛፍም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም። ምንጭ ያደርቃል፥ መሬት ያከሳል የሚል ወቀሳ ተነሥቶበት፥ አብዛኛው ተነቅሎ በሌላ ዛፍ እንዲተካ በዚያው ዘመን ፍጻሜ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ማንም አልፈጸመውም። ዛሬም በቡራዩና በሱሉልታ በኩል ስለዚህ ዛፍ የሚከራከሩ ገበሬዎች አይታጡም፤ ክርክሩ ሳያልቅ ግን አጠናውን ለገበያ ያቀርቡታል።

ሌሎቹን ባጭሩ እንለፋቸው። ምኒልክ በመልካቸውና በስማቸው ብር በፓሪስ አስቀረጹ፤ ቈየት ብሎም የብር መምቻ መኪና ወደ አዲስ አበባ መጣ። ገበያው ግን ማርያ ትሬዛን፥ ጠገራ ብር የሚለውን፥ አልለቅም አለ፤ አሞሌ ጨውም ሥራውን አልተወም። ሕዝብ የማያምነውን ገንዘብ በዐዋጅ ብቻ ማስወደድ አልተቻለም። በውጭ አገር ደግሞ ምኒልክ ሰው በኤሌክትሪክ የሚገደልበትን ወንበር አዝዘው፥ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ዙፋን አደረጉት የሚል ተረት ሲነገር ይሰማል። ለዚህ ከዘመኑ የተገኘ ማስረጃ የለም። ጫማ አሠርተው መሐንዲስ የመዘኑ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ሳይጠይቁ ይገዛሉ ብሎ ማመን ለተረቱ ወዳጆች የተተወ ነው።

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ተከፈተ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ የመንግሥቱ ገቢና ወጪም በገንዘብ ሚኒስትር እጅ እንዲሆን ተደረገ። እስከዚያ ድረስ ብዙው ሒሳብ በንጉሡ ማስታወስና በጥቂት ጸሐፊዎች መዝገብ ላይ የቆመ ነበር፤ የአዲስ ዓለምም ወጪ የተወሰነው በዚያ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ገና ሳይጠነክር ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ወደቁ። አንደበታቸው ተይዞ፥ ሥራውን ሌሎች እየመሩት ጥቂት ዓመታት ቈዩና ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ዕረፍታቸው ለብዙ ጊዜ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቈየ።

መንገዱ ግን ሥራውን አልፈታም። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት ወጣቶቹ ዕጩ መኰንኖች የሄዱት በእሱ ነው። በኋላም የገፈርሳ ወንዝ ተገድቦ ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውሃ ሲያጠራቅም የግንቡ ሠራተኞች በእሱ ተመላለሱ። ዛሬ እሑድ ጠዋት ከአስኮ የተነሣ ሰው ቡራዩ ላይ ለአጥርና ለግንባታ የሚሆን የባሕር ዛፍ አጠና ተደግፎ ሲሸጥ ያያል፤ ጉዞውን ከቀጠለም አዲስ ዓለም ላይ በኮረብታው ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል፤ ከቅዳሴ የወጡ እናቶች ለግብር ተብሎ በተሠራው አዳራሽ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበል ጠዲቅ ይካፈላሉ።